ቲቤት ምናችን ናት?



የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያየ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ አይጠፋንም። «የሙስሊሙ ጉዳይ አልቆ ነው ወይ ስለ ቡድሃ አምላኪዎች የሚጻፈው? የፍልስጤሙ፣ የኡይጉሩ፣ የሮሂንጋው ለቅሶ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ የመነኮሳቱን እናልቅስ?» የሚል ነው። ይህ ንግግር ከሶላት ስንወጣ በመስጂድ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ፣ በየሻይ ቤቱም የሚሰማ ነውና በዝምታ ልናልፈው አይገባም። እንዲያውም ብዕራችንን ያነሣነው ለዚሁ ንግግር መልስ ለመስጠት ነው። ንግግሩ ስሕተት ነውና! ስሕተትነቱም በአንድ በኩል ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ እንናገር። (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቲቤት ከሂማላያ ተራሮች በስተሰሜን ያለች፣ አማካይ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ሰፊ አምባ ናት። ሕዝቧ ገብስ የሚዘራ፣ ያክ የሚባለውን ጸጉራም ከብት የሚያረባ፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ነው። በኦክቶበር 1950 የቻይና ጦር ወደ ምሥራቁ ክፍል ገባ። በተከታዩ ዓመት በሜይ 23 ቀን ቤይጂንግ ላይ 17 አንቀጽ ያለው ስምምነት ተፈረመ። ቻይና «በሰላም ነጻ አወጣኋቸው» ትላለች፤ ቲቤታውያኑ «የጦር አፈሙዝ ተደግኖብን የፈረምነው ነው» ይላሉ። በማርች 10 ቀን 1959 የዋና ከተማይቱ የላሳ ሕዝብ በነቂስ ወጣ፤ አመፁም በመሣሪያ ተደመሰሰ። መሪያቸው ዳላይ ላማ ሌሊት ወጥተው፣ ተራራ አቆራርጠው በወሩ መጨረሻ ሕንድ ገቡ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ተከትሏቸው ተሰደደ።

ቲቤት ከጥንት ጀምሮ የቻይና ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት እንተወዋለን። አንድ አባት ልጁን በገዛ ቋንቋው እንዳያስተምር ለመከልከል የሺህ ዓመት ካርታ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የኛ ጉዳይ ዙልሙ ነው።

እንግዲህ «ለሙስሊሙ ምን አገባው?» ለሚሉ ወገኖች የመጀመሪያው መልስ ከተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ይገኛል። በ1959 የላሳ ሕዝብ ደም ገና ሳይደርቅ ጉዳዩን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ይዘው የቀረቡት እነማን ነበሩ? ትልልቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት ናቸውን? አይደሉም። አንዷ አየርላንድ ነበረች። ሁለተኛዋ ማላያ ናት፤ የዛሬዋ ማሌዥያ! ነጻነቷን ካገኘች ገና ሁለት ዓመቷ የሆነ፣ ሙስሊም መሪ የነበራት፣ የእስልምናን ሃይማኖት በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረች አገር ስለ ቡድሂስት ሕዝብ ቆማ ተናገረች። ውሳኔውም በኦክቶበር 21 ቀን በ45 ድጋፍ፣ በ9 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዐቅቦ አለፈ። በ1961ም፣ በ1965ም ጉባኤው ስለ ቲቤት ሕዝብ መብት ውሳኔ አሳልፏል፤ በሁለቱም ጊዜ የማሌዥያ ስም ከአቅራቢዎቹ መካከል ነበረ። ያኔ የማላያ ሙስሊሞች «ቲቤት ምናችን ናት?» አላሉም።

ከዚያ በኋላ ግን የመንግሥታት አፍ ተዘጋ። በ1971 የቤይጂንግ መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት የቻይናን ወንበር ተረከበ፤ ገበያውም ሰፋ፤ ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ። የመንግሥታት ወዳጅነት እንደ ገበያው ነውና ይህ ብዙ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው መንግሥታት ዝም ባሉበት ጊዜ ሥልጣንም ገንዘብም የሌላቸው ተራ ሰዎች ነገሩን አንሥተው ከስድሳ ዓመት በላይ አለመጣላቸው ነው። የጡረታ ደሞዝተኞች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ በሕንድ የስደተኞች ሰፈር ሹራብ ሠርተው የሚሸጡ እናቶች። በለንደን የቲቤት ማኅበር በዚያው በ1959 ተቋቋመ። በ1994 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበው «ተማሪዎች ለነጻዪቱ ቲቤት» የሚል ማኅበር መሠረቱ፤ በየኮሌጁና በየትምህርት ቤቱም ተስፋፋ። በየዓመቱ ማርች 10 ቀን በጀርመን አገር በመቶ የሚቆጠሩ የከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የቲቤትን ባንዲራ ይሰቅላሉ። ማን አዘዛቸው? የትኛውም ሚኒስትር አላዘዛቸውም። በየከተማው አንድ ሁለት ሰው የከንቲባውን በር እያንኳኳ ነው።

«ታዲያ በር ማንኳኳት፣ ፖስታ ካርድ መጻፍ ምን ፈየደ? ቲቤት እንደሆነች አልተፈታች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አልተፈታችም። ይህን የሚክድ ካለ ራሱን ያታልላል። ነገር ግን አንዲት እናት ያደረገችውን ልንገራችሁና ፍረዱ።

ሶናም ደክዪ የምትባለው ይህች ሴት በ1968 የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ በበረዶ ተራራ ላይ በእግሯ ተሰደደች፤ በደቡብ ሕንድ በስደተኞች ሰፈርም አሳደገችው። ልጁ ንጋዋንግ ቾፔል የአገሩን ዘፈንና ዜማ የሚያጠና ሰው ሆነ፤ ለትምህርት አሜሪካ ደርሶ ተመለሰ። በ1995 ካሜራ ይዞ የሽማግሌዎችን ጥንታዊ ዜማ ሊቀርጽ ወደ ቲቤት ገባ። በዚያው ታሰረ። ለብዙ ወራትም የት እንዳለ የሚናገር ጠፋ። በ1996 መጨረሻ ላይ «ሰላይ ነው» ተብሎ 18 ዓመት ተፈረደበት።

እናትየው ምን አደረገች? ገንዘብ የላት፣ ዘመድ የላት፣ እንግሊዝኛ የላት። ዴልሂ ሄዳ ጃንታር ማንታር በሚባለው የሰልፈኞች አደባባይ የልጇን ፎቶግራፍ ይዛ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የመኪና ጭስ ነው። የጠየቀችውም ልጇን እንድታየው ብቻ ነበር። ያዩዋት ሰዎች ጻፉ፤ የጻፉት ሌሎችን አስጻፉ። ልጁ በተማረባት በቨርሞንት ግዛት ተማሪዎችና ጎረቤቶች የምክር ቤት አባሎቻቸውን ወጥረው ያዙ፤ የቻይና ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር የዚህ ልጅ ስም ይነሣ ጀመር። በኦገስት 2000 እናትየው እስር ቤት ገብታ ልጇን አየችው። በጃንዋሪ 2002 ከተፈረደበት ዘመን ብዙ ሲቀረው ተፈታ። ከዚያም ያን የጀመረውን የዜማ ፊልም ጨረሰው።

ይህ ትንሽ ነገር ነውን? ለእናቶች ተውኩት።

ሌላም አለ። በ1993 ድራፕቺ በሚባለው የላሳ እስር ቤት የነበሩ 14 መነኩሲቶች በድብቅ በገባ ቴፕ መዝሙር ቀድተው አወጡ፤ በዚህም ምክንያት እስራታቸው ተጨመረባቸው። ከነሱ አንዷ ንጋዋንግ ሳንግድሮል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታሰር 13 ዓመቷ ነበር፤ ፍርዷ እየተደራረበ ከ20 ዓመት አለፈ። የዚህችንም ልጅ ስም የማታውቃቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ በፖስታ ካርድ ላይ እየጻፉ ላኩ። በኦክቶበር 2002 ተለቀቀች። ካርዱ በሩን ከፈተ አንልም፤ በር የሚከፍተው አላህ ነው፤ የመንግሥታትም ድርድር ነበረበት። ነገር ግን ስሙ የማይጠራ እስረኛ ጉዳዩ በማንም ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም። ይህን ማወቅ የፖለቲካ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ እንምጣ። «ይህ የሀብታም ፈረንጅ ፋሽን ነው፤ ከበስተኋላውም አሜሪካ አለች» ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነውን ሳንደብቅ እንናገር። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቲቤት ሽምቅ ተዋጊዎችን አሠልጥኗል፣ መሣሪያም ሰጥቷል፤ ዋሽንግተን ከቤይጂንግ ጋር ስትታረቅ ደግሞ ጥሏቸው ሄዷል። በጁን 1996 በሳን ፍራንሲስኮ መናፈሻ ለቲቤት የተዘጋጀው የሙዚቃ ድግስ ወደ 100,000 ሰው ሰብስቧል፤ ከዚያ ሁሉ ጭፈራ ስንቱ ቲቤትን በካርታ ላይ ሊያሳይ ይችል እንደነበር አንጠይቅም። ካናቴራ ለብሶ መዝለል ሕዝብን መርዳት አይደለም። እስማማለሁ።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ! ለኛ ወገን መከራ በሚደረገው ሰልፍስ ፋሽን የለም ወይ? ሻሽ ጠምጥሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚሄድ የለም ወይ? በዚህ ምክንያት የፍልስጤም መከራ ውሸት ሆነ? የአንድን መዝሉም እውነት በደጋፊዎቹ አለባበስ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ የተበላሸ ነው። ደግሞም ከዚያ ድግስ የወጣው ሁሉ አልተበተነም። ከነዚያ ወጣቶች መካከል እየተማረ፣ እየተደራጀ፣ የባንክን ሰነድ ማንበብ የቻለ ትውልድ ወጥቷል። ይህንንም የምናየው በዱላን ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩ ለኛ ለሙስሊሞች መራራ ስለሆነ ሰከን ብለን እንድናየው እለምናችኋለሁ።

በ1999 የዓለም ባንክ ቺንግሃይ በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ወደ 58,000 የሚጠጉ ድሆች ገበሬዎችን ከደረቅ ኮረብታ አንሥቶ ዱላን በተባለ ስፍራ ለማስፈር 40 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተነሣ። ዱላን የቲቤታውያንና የሞንጎሎች የግጦሽ አገር ነው። የቲቤት ደጋፊዎች የባንኩን በር ዘጉት፤ ደብዳቤው እንደ ዝናብ ወረደ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባንኩን የራሱን ደንብ አንብበው፣ ለራሱ ለባንኩ መርማሪ ክፍል አቤት ማለታቸው ነው። መርማሪዎቹ ባንኩ ደንቡን እንደጣሰ መሰከሩበት። በጁላይ 2000 ቻይና ጥያቄዋን ከባንኩ አነሣች። በገንዘብ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

መራራው የቱ ላይ ነው? ሊሰፍሩ ከነበሩት ድሆች መካከል ሙስሊሞች ነበሩበት! የሁዪና የሳላር ወገኖቻችን። እንግዲህ ምን እንላለን? «ሙስሊም ሊጠቀም ስለነበረ ቅስቀሳው ግፍ ነው» እንላለን? ወይስ «ቲቤታዊው ተበድሏልና የሙስሊሙ ገበሬ ረሀብ ምናችን ነው» እንላለን? ሁለቱም አይባልም። ያ የሁዪ ገበሬ መሬቱ ደርቆበት ልጆቹን ማብላት ያቃተው ሰው ነው፤ ማንም «የቲቤትን መሬት ትወስዳለህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ቲቤታዊውንም «ትሰጣለህ?» ያለው የለም። ሁለቱን ድሆች ያላማከረ አንድ መንግሥት ነው፤ ቁጥርና ካርታ ይዞ ያቀደ። ጥፋቱ ከአቃጁ ላይ ነው። ነገር ግን ከደጋፊዎቹ መካከል ስለ ሰፋሪው ሲናገር «ቻይናዊ ወራሪ» እያለ በአንድ ስም የሚጠቀልል ካለ፣ እሱን ልናርመው ይገባል። የምናርመው ግን ከውስጥ ሆነን እንጂ ከዳር ቆመን በመሳደብ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። በማርች 14 ቀን 2008 በላሳ በተነሣው ሁከት የተቆጡ ወጣቶች የሙስሊሞችን ሱቅ አቃጠሉ፤ የከተማይቱን ትልቅ መስጂድ በር በእሳት አያያዙ። በተቃጠሉ ሱቆች ውስጥም ምንም ያላደረጉ ሰዎች ሞቱ። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ መደበቅም ሐራም ነው። ሱቅ ያለውን ነጋዴ በእሳት መቅጣት ዙልም ነው፤ የሚያደርገው ቲቤታዊ ቢሆንም ዙልም ነው። ዳላይ ላማም በዚያው ሳምንት ሁከቱ ካልቆመ ከኃላፊነታቸው እንደሚለቁ ተናግረዋል። ይህን ታሪክ እያነሡ «ለነዚህ ነው የምንቆመው?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። መልሳችን ይህ ነው፦ በላሳ መስጂዱን ያቃጠለው እጅ ይከሰስ፤ በቺንግሃይ ከእናቱ ጉያ ተወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባው የስድስት ዓመት ልጅ ግን ምን በደለን? በሱረቱል ማኢዳ ስለ ፍትሕ የተነገረውን ልጆቻችን በቃላቸው ይቀራሉ። ለምንጠላው ሕዝብ እንኳ ፍትሕ ይገባል ተብለን ታዘን ሳለ፣ ጥላቻ የሌለንን ሕዝብ ለመርሳት ሰበብ መፈለግ ከየት የመጣ ዲን ነው?

ይልቁንም የላሳን ሙስሊሞች ታሪክ ብናውቅ ነገሩ በሌላ መልክ ይታየን ነበር። በላሳ ከቻይና ከመጡት ከሁዪዎች ሌላ፣ «ካቼ» የሚባሉ ቲቤታዊ ሙስሊሞች በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረዋል። ካቼ በቲቤትኛ ካሽሚር ማለት ነው፤ አባቶቻቸው ከካሽሚርና ከላዳክ የመጡ ነጋዴዎች ናቸውና። ሲነገር እንደኖረው፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አምስተኛው ዳላይ ላማ አንድ ሙስሊም በኮረብታ ላይ ብቻውን ሲሰግድ አይተው «ለምን እዚያ ትሄዳለህ?» ቢሉት «መስገጃ ስፍራ ስለሌለን ነው» አላቸው። እሳቸውም ቀስት በየአቅጣጫው አስወርውረው፣ ቀስቱ እስከደረሰበት ያለውን መሬት ለመስጂድና ለመቃብር ሰጡ። እኛ ስለ ነጃሺ ስንተርክ ያደግን ሕዝብ ይህን ወሬ ስንሰማ ልባችን ሊደነግጥ ይገባል። እነዚህ ሙስሊሞች ቋንቋቸው ቲቤትኛ፣ ልብሳቸው የቲቤት፣ ሶላታቸው ወደ ካዕባ ነው። የቲቤት ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀውና ሽማግሌዎች የሚጠቅሱት የምክር መጽሐፍም በስሙ ካቼ ፓሉ ከተባለ ሙስሊም ጋር የተያያዘ ነው።

በ1959 መከራው ሲመጣ እነዚህም አልቀረላቸውም። «አያቶቻችን ካሽሚሮች ናቸው» ብለው ወደ ሕንድ አመለከቱ፤ ሕንድም ተቀበለቻቸው። በ1960 መጨረሻና ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ዛሬ በስሪናጋር ከተማ በኢድጋህ አካባቢ የሚኖሩት ልጆቻቸው ናቸው። የራሳቸውንም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። በ2012 ዳላይ ላማ እዚያው ድረስ ሄደው ጎብኝተዋቸዋል። እንግዲህ «ቲቤት የሙስሊም ጉዳይ አይደለችም» የምንለው ለነዚህ ሰዎች ምን ብለን ልናስረዳቸው ነው?

ከዚህም ይልቅ የሚያንገበግበው የኡይጉሮች ነገር ነው። ስለ ኡይጉር ወንድሞቻችን ካምፕ ሰምቶ ያላዘነ የለም። ግን ያ ሁሉ ቁጥጥር ከሰማይ የወረደ መሰላችሁን? ቸን ቹዋንጉዎ የተባለው የፓርቲ ሹም ከ2011 እስከ 2016 የቲቤት የበላይ ሆኖ ሠራ። በየመንገዱ ማዕዘን የፖሊስ ጎጆ መትከል፣ በየመንደሩ ካድሬ ማስቀመጥ፣ ሰፈርን እንደ መረብ ከፋፍሎ መቆጣጠር ያን ጊዜ በቲቤት ተሠራበት። ሹሙ በኦገስት 2016 ወደ ሺንጂያንግ፣ ወደ ኡይጉሮች አገር ተዛወረ፤ ዘዴውንም ይዞት ሄደ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የፖሊስ ጎጆ ተተከለ፤ ካምፑም ተከተለ። በቲቤት ሲሞከር «የቡድሂስቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ያንቀላፋ ሰው በሺንጂያንግ ሲደገም የመደንገጥ መብት አለው ወይ? ጎረቤትህ ቤት የገባው ሌባ ቁልፍ አከፋፈት የሚለማመደው ለማን ይመስልሃል?

የዚህንም ፍጻሜ ተመልከቱ። በኦክቶበር 6 ቀን 2022 በጄኔቫ የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ስለ ኡይጉሮች ውይይት ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔ አይደለም፤ ቅጣት አይደለም፤ ውይይት ብቻ! በ19 ተቃውሞ፣ በ17 ድጋፍና በ11 ድምፀ ተዐቅቦ ወደቀ። ከተቃወሙት መካከል ፓኪስታን፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቀጠር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሱዳንና ሴኔጋል ነበሩ። ከአፍሪቃ አህጉር የደገፈችው ጎረቤታችን ሶማሊያ ብቻ ናት። ማሌዥያስ? በ1959 ለቡድሂስቶች የቆመችው ማሌዥያ በ2022 ለሙስሊሞች ድምፅዋን አቅባ ተቀመጠች! ሱብሓነላህ! ለሌላው መናገር የተወ አንደበት ለራሱም ወገን መናገር እንደሚያቅተው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። በአንጻሩ ስለ ኡይጉር በየከተማው አብረው የጮኹት እነማን ናቸው? ቲቤታውያኑ ናቸው። የ2022ን የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ለመቃወም የቲቤት፣ የኡይጉርና የሆንግ ኮንግ ተወላጆች በአንድ ሰልፍ ቆመዋል፤ «እናንተ ሙስሊሞች ናችሁ፣ ምን አገባን?» አላሉም።

«ቻይና መንገድ ሠራችልን፤ የጅቡቲውን ባቡር ዘረጋችልን፤ የአፍሪቃ ኅብረትን ሕንጻ አቆመችልን፤ ውለታ አለባት» የሚሉም አሉ። መንገዱ በጎ ነው፤ እንሄድበታለን፤ ብድሩንም እንከፍላለን። ስለ ቻይና ሕዝብም ክፉ መናገር አይገባም፤ ከነሱ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞች አሉ፤ ስለ ቲቤት እውነት ተናግረው የታሰሩም አሉ። ነገር ግን አስፋልት የሸጠን ሰው ስለ ጎረቤቱ ልጅ እንዳንጠይቅ ምላሳችንንም አብረን ሸጥንለት ወይ? በውሉ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ አላየንም።

ከነቢይነት በፊት በመካ የሆነውን አስታውሱ። የየመን ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን በአንድ የቁረይሽ ትልቅ ሰው ተከለከለ። ዘመድ የለው፤ ወገን የለው። ወደ አቡ ቁበይስ ተራራ ወጥቶ ጮኸ። የሰሙት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ፣ የመካም ሰው ይሁን መጻተኛ፣ በአንድነት ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። በዚያ ቤት የነበሩት ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው እዚያ ተገኝተው ነበር፤ ነቢይ ከሆኑም በኋላ ያን ቃል ኪዳን በክብር ያነሡት ነበር። ሒልፈል ፉዱልን በመድረሳ እናስተምራለን፤ ዓመቱንና ስሙን ለፈተና እናስጠናለን። ልጁ «ዛሬ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው ማነው?» ብሎ ሲጠይቀን ግን ምን እንመልስለታለን?

ለወላጆች የተለየ ቃል አለኝ። በፌብሩዋሪ 2023 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የቲቤት ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው በቻይንኛ በሚያስተምሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ገልጸዋል። የመንደሩ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጁ ይወሰዳል፤ ለዕረፍት ሲመለስ ከአያቱ ጋር መነጋገር ያቅተዋል። ታሺ ዋንግቹክ የሚባል አንድ ባለ ሱቅ ይህን አይቶ አላስቻለውም። አመፅ አላነሣም፤ የአገሩ ሕግ ለቋንቋው የሰጠው መብት ይከበር ብሎ በ2015 ለጋዜጠኞች ተናገረ። በ2016 መጀመሪያ ላይ ታሰረ፤ በ2018 አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በ2021 ወጣ። ቁርኣንን በሹክሹክታ ያስቀሩ መምህራን በምን ፍርሃት ውስጥ እንደኖሩ ከሽማግሌዎቹ የሰማ ቤተሰብ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ሆኖ ሊሰማው አይችልም።

ዘመዶቻችሁ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ ካሉ ጠይቋቸው፤ ቲቤታውያን ጎረቤት አሏቸው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ሰብስበው ፊደላቸውን ያስቆጥራሉ፤ ልክ የኛ ሰዎች አሊፍ ባ እንደሚያስቆጥሩ። በማርች 10 ሲሰለፉ አብሯቸው ለመቆም ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ቁሙ፤ የላሳውንም መስጂድ ነገር ፊት ለፊት አንሡላቸው፤ የሚያፍር ያፍር፣ የሚያዝን ይዘን። ደብዳቤ ለመጻፍ የሚፈልግም ስድብ አይጻፍበት፤ የእስረኛውን ስም አጣርቶ በትክክል ይጻፍ፤ አንድ እስረኛ ይያዝ እንጂ አሥር አይቀላቅል፤ መልስ ባይመጣ በሦስተኛው ወር እንደገና ይጻፍ። ልጆችም ይጻፉ፤ የልጅ ጽሕፈት በቶሎ አይጣልም። ጌዱን ቾዬኪ ኒማ የተባለው ሕፃን በሜይ 1995 በስድስት ዓመቱ ከነቤተሰቡ ከተወሰደ በኋላ እስከ ዛሬ በይፋ ታይቶ አያውቅም። የተወለደው በኤፕሪል 25 ነው፤ በየዓመቱም በዚያ ቀን ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ለመጀመር የሚፈልግ ቤተሰብ ከእሱ ሊጀምር ይችላል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።